የሠርጉ ካሴት ሻግቶ ሳያልቅ

ለቡና የሚስማማ አየር ለቪዲዮ ካሴት አይስማማም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከበበቃ እርሻ ካምፖች እስከ ማጂ ተራሮች ድረስ በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የተከተቱ የሠርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ካሴቶች ሃያም ሠላሳም ክረምት አልፎባቸዋል። ማጫወቻቸው ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ቪኤችኤስ የሚባለውን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ማጫወቻውን፣ ማለትም ዴኩን፣ እስከ መጨረሻው ሲያመርት የቆየው ሌላው የጃፓን ኩባንያ ፉናይ በሐምሌ 2016 ሥራውን አቆመ። ፉናይ በደህናው ዘመን በዓመት እስከ 15 ሚሊዮን ዴክ ይሸጥ ነበር፤ በ2015 የሸጠው 750 ሺህ ብቻ ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ማኅደሮች ማኅበር ጋር ሆኖ በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከ2025 አካባቢ ጀምሮ ካሴት የሚያጫውት መሣሪያ ማግኘት እጅግ እንደሚከብድ ተናግሮ ነበር።

ያ ጊዜ ደርሷል። ካሴቱ ግን አሁንም በፌስታል እየተያዘ ወደ ፎቶ ቤት ይመጣል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ከቡና እርሻ በሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ ወይዘሮ፣ ሌላው ሚዛን ውስጥ ቪዲዮ የሚቀርጽና የሚያቀናብር ወጣት ባለሙያ። ወይዘሮዋ የቸኮሉ ናቸው፤ ባለሙያው አልቸኮለም።

ወይዘሮዋ፦ ይኸውልህ ልጄ፣ ሰባት ካሴት ነው። ሁሉንም በአንድ ዲቪዲ አድርግልኝ። ዋጋውን ንገረኝና ልሂድ፣ መኪና ይጠብቀኛል።

ባለሙያው፦ እትዬ፣ ዋጋው አይጠፋም፤ መጀመሪያ ካሴቶቹን ልያቸው። በአንድ ዲቪዲ ግን አይሆንም። እንደምንም ብዬ ላስገባቸው ብል እንኳ የሰዎቹ ፊት አይለይልዎትም።

ወይዘሮዋ፦ ጎረቤቴ አምስት ካሴት በአንድ አስደርጋለች እኮ! ያውም በርካሽ።

ባለሙያው፦ አይተውታል?

ወይዘሮዋ፦ አሳይታኛለች። ሰዉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደህና ነው፤ መጨፈር ሲጀምር ፊቱ ካሬ ካሬ ይሆናል። ካሴቱ አርጅቶ ነው ብላኛለች።

ባለሙያው፦ ካሴት ሲያረጅ ካሬ አያመጣም። ነጭ ነጠብጣብ ያመጣል፣ አግዳሚ መስመር ያመጣል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይሸሻል። ካሬው የሚመጣው ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ ቦታ ሲያንሰው ነው። እሱን ኋላ በሒሳብ እናየዋለን፤ እርስዎ ይበልጡኛል። አሁን ግን ካሴቱን ይስጡኝ።

ባለሙያው ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ በሩ ብርሃን ያዘነብላል። በፊት ለፊቱ ባለው መስኮት ውስጥ የተጠቀለለው ክር ጥቁርና አንጸባራቂ መሆን አለበት። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በጥፍሩ ተጭኖ ክዳኑን ከፈተ፤ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክር ጠርዙ የታጠፈ ወይም የተጨማደደ መሆኑ የሚታየው በዚህ በኩል ነው። ሁለቱ ካሴቶች በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይዘዋል። የሌላው ጀርባ ላይ ደግሞ በስኮች የተደፈነ ቀዳዳ አለ። ባለሙያው ስኮቹን ልጦ ጣለው።

ወይዘሮዋ፦ ኧረ ምን እያደረግክ ነው?

ባለሙያው፦ ይቺ ቀዳዳ መቆለፊያ ናት። ፕላስቲኳ ተሰብራ ክፍት ከሆነች ዴኩ ያጫውታል እንጂ መቅረጽ አይችልም። አንድ ሰው ሌላ ነገር ሊቀርጽበት ብሎ በስኮች ደፍኗታል። እኔ ዛሬ በስህተት የመቅረጫውን ቁልፍ ብነካ ሠርግዎ ላይ ባዶ ይቀረጽበት ነበር።

ወይዘሮዋ፦ ማን ይሆናል፣ የመጀመሪያ ልጄ ነዋ! የዓለም ዋንጫ እቀርጻለሁ ብሎ ይዞት ሲዞር ትዝ ይለኛል።

ባለሙያው፦ እንግዲህ ኳሱ ስንት ደቂቃ እንደበላበት ሲጫወት እናያለን።

ወይዘሮዋ፦ ነጩስ ምንድነው?

ባለሙያው፦ ሻጋታ። ክሩ ፕላስቲክ ይሁን እንጂ ላዩ ላይ ያለውን የብረት ዱቄት የሚይዘው ማጣበቂያና የሰው ጣት የተወው ቅባት ለሻጋታ ምግብ ነው። የአገራችን ዕርጥበት ደግሞ ይመቸዋል። ይህን ካሴት አሁን ዴክ ውስጥ ብከት ሻጋታው ምስሉን በሚያነበው ሄድ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴትም ይበክላል። ስለዚህ ንጹሖቹን እናስቀድማለን፤ እነዚህ ሁለቱ ወደ ኋላ ይቆያሉ። ደረቅ ቦታ አቆይቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ደጅ አውጥቼ በለስላሳ ብሩሽ አጸዳቸዋለሁ። ሲጫወቱም ለብቻቸው በያዝኩት አሮጌ ዴክ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው በኋላ ተከፍቶ ይታጠባል።

ወይዘሮዋ፦ እኔ ቤት የቀሩትንስ ምን ላድርጋቸው? ማቀዝቀዣ ውስጥ ልክተታቸው?

ባለሙያው፦ በጭራሽ! ከማቀዝቀዣ የወጣ ካሴት ሞቃት አየር ሲያገኘው ያልበዋል፤ ያን ዕርጥብ ክር ዴኩ ውስጥ ቢከቱት በሚዞረው ከበሮ ላይ ይጣበቃል። ማኅደር ቤቶች ሙቀቱን ከ20 ዲግሪ ሳያሳልፉ፣ የአየሩን ዕርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። እዚህ በክረምት ያንን አናገኝም። የምንችለውን እናድርግ፦ ከወለል ከፍ ይበል፣ ከማድ ቤት ግድግዳ ይራቅ፣ ቁሞ ይቀመጥ፣ በሚከደን የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን ዕርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረው ይክተቱበት፤ እሱም ሲጠግብ ይቀየራል።

ወይዘሮዋ፦ እሺ፤ ንጹሑን ካሴት እንያዝ። ኮምፒውተርህ አዲስ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ያወጣዋላ?

ባለሙያው፦ እትዬ፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚሳሳተው። ጥራቱን የሚያመጣው ኮምፒውተሩ አይደለም። ካሴቱ ላይ ካለው ምስል ምን ያህሉን እንደምናገኝ የሚወስነው ዴኩ ነው። ዴኩ ያላነበበውን ኮምፒውተር አይፈጥረውም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ሁሉ የተገኘውን እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ልክ እንደ ቡና፣ ዛፉ ላይ ሳይበስል...

ወይዘሮዋ፦ በቡና አትምሰልብኝ፤ ዕድሜ ልኬን እሱን ስሰማ ነው የኖርኩት። ስለ ዴኩ ንገረኝ።

ባለሙያው፦ ይሁና። ዴኩ ውስጥ 62 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከበሮ አለ፤ በእኛ አገር አሠራር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል። ሄዱ የተተከለው እሱ ላይ ነው። ምስሉ ክሩ ላይ የተጻፈው በዘመመ መስመር ሲሆን የአንዱ መስመር ስፋት 0.049 ሚሊ ሜትር ነው። ከሰው ፀጉር አይበልጥም። ሄዱ ያችን መስመር ትንሽ ከሳታት ምስሉ ላይ አግዳሚ ብናኝ ይታያል። ‹ትራኪንግ› የሚባለው ማስተካከያ ለዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ካሴት፣ አንዳንዴም በአንድ ካሴት መሀል ካሜራው በተቀየረ ቁጥር በዓይን እያዩ ማስተካከል ያስፈልጋል። ካሴት ለመቆጠብ ተብሎ በግማሽ ፍጥነት የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በግማሽ ይጠብባል፤ ያን የሚያነብ ሌላ ሄድ ያለው ዴክ ይፈልጋል።

ወይዘሮዋ፦ እኛ ቤት ምስሉ በረዶ ሲሆን ባለቤቴ ዴኩን ከፍቶ በጥጥ ይጠርገው ነበር።

ባለሙያው፦ ጥጡ ሄዱን ይዞ ሊሰብረው ይችላል። ክር የማይተው ስስ ቆዳ ነው የምንጠቀመው። በአይሶፕሮፒል አልኮል ይነከርና ቆዳው ከበሮውን ሳይጫን ተደግፎ ይያዛል፤ የሚዞረው ከበሮው ነው፣ ቀስ ተብሎ በእጅ። ወደ ላይና ወደ ታች ከፈተጉት አለቀለት። ከዚያ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ካሴት ወዲያው አይጫወትም፤ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጠቅልሎ ይመለሳል፤ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ክሩም ውጥረቱ እኩል ይሆናል።

ወይዘሮዋ፦ ከዴኩ ወደ ኮምፒውተሩስ?

ባለሙያው፦ በሦስት ዓይነት ገመድ ሊሄድ ይችላል። አንዱ የአንቴና ገመድ ነው፤ እሱን ይርሱት። ሁለተኛው ሁሉም ቤት ያለው ቢጫው ጃክ ነው፤ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ደባልቆ ይልካል፤ ያ ድብልቅ ሲለያይ በቀለማቱ ጠርዝ ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይተዋል። ሦስተኛው ክብ፣ አራት ጥርስ ያለው ኤስ ቪዲዮ ነው። ቪኤችኤስ ብርሃኑንና ቀለሙን ክሩ ላይ ለየብቻ ነው የሚጽፈው፤ ኤስ ቪዲዮም ሳይደባልቅ ያወጣዋል። እሱ ያለው ዴክ በስንት መከራ ነው የሚገኘው። ካልተገኘ አጭርና ደህና ቢጫ ገመድ ይበቃል፤ ረጅምና ርካሽ ከሆነ ግን ጥላ ይጥላል።

ወይዘሮዋ፦ ድንኳኑ ሲጣመምስ ገመዱ ነው? የሠርጌ ዕለት የድንኳኑ ምሰሶ ሁሉ ሲወዛወዝ ይታያል።

ባለሙያው፦ እሱ የክሩ ፍጥነት ወጥ ስላልሆነ ነው። እያንዳንዱ የምስል መስመር ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ ይወዛወዛል። ይህን የሚያስተካክል ታይም ቤዝ ኮሬክተር የሚባል ነገር አለ፤ መስመሮቹን በማስታወሻው ይዞ በእኩል ሰዓት ይለቃቸዋል። ውድ ነው። አንዳንድ የዲቪዲ መቅረጫ ማሽኖች ግን በውስጣቸው ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠሩ ምስሉን በእነሱ ውስጥ አሳልፌ ወደ ኮምፒውተር አስገባዋለሁ። ይህን በኋላ በኮምፒውተር አስተካክላለሁ የሚልዎት ካለ አይመኑት፤ አንዴ ተጣሞ ከገባ ጠማማነቱ አብሮት ይቀራል።

ከንጹሖቹ አንዱ ካሴት ለሙከራ ገብቶ መጫወት ጀምሯል። ስክሪኑ ላይ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ አጃቢዎቹ እናቶች ነጭ ነጠላ ተከናንበው ይታያሉ። ነጠላዎቹ ግን ነጭ ሉሕ ሆነው ጥለታቸውም ሽመናቸውም ጠፍቷል። ባለሙያው የብርሃኑን መጠን ቀስ እያለ ሲቀንስ መጀመሪያ እጥፋቱ፣ ቀጥሎ የጠርዙ ጥበብ ብቅ አለ።

ወይዘሮዋ፦ እናቴ ናት! ነጠላዋን ለየሁት።

ባለሙያው፦ ይኸው ነው ሥራው። በዲጂታል ቪዲዮ የብርሃኑ ደረጃ ከ16 እስከ 235 ነው የሚቆጠረው፤ 16 ጥቁር፣ 235 ነጭ። ከካሴት የሚመጣ ነጭ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ከመቅረጹ በፊት ካልተቀነሰ ከላይ ያለው ተቆርጦ ይቀራል፣ በኋላም ቢያጠቁሩት ግራጫ ሉሕ እንጂ ነጠላ አይሆንም። ለእኛ ሠርግ ከነጠላ የተሻለ መለኪያ የለም፤ ሽመናው እስኪታይ እቀንሳለሁ፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ እጥፋቱ እንዳይጠፋ ደግሞ እጠነቀቃለሁ።

ወይዘሮዋ፦ ያ ቀይ ጥለትስ? ወደ ጎን የፈሰሰ ይመስላል።

ባለሙያው፦ እሱ የቪኤችኤስ ተፈጥሮ ነው። ብርሃኑ በአግድም 240 መስመር ያህል ዝርዝር ሲኖረው ቀለሙ ያለው ወደ 40 ገደማ ነው። ቀይ ሲሆን ጎልቶ ይታያል። ጥቂት መሰብሰብ ይቻላል፤ ጨርሶ አይጠፋም። ቆይ ግን... ቀዩ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ወርዷል። ይህን ነገር እመለስበታለሁ።

መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ከዩፒኤስ ጋር ስለተያያዘ አልተቋረጠም፤ ዴኩ ግን ቆሟል። ባለሙያው ክሩ ከበሮው ላይ ተጠምጥሞ እንደቀረ ጠቁሞ፣ ዴኩም ዩፒኤስ ላይ መሆን ይገባው እንደነበር አምኖ ገመዱን አዛወረ። መብራቱ እስኪመጣ ወሬው ወደ ሒሳብ ሄደ።

ባለሙያው፦ እስቲ ይያዙልኝ። አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በቢት 37.6 ቢሊዮን ነው። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ።

ወይዘሮዋ፦ በሰከንድ 10.4 ሚሊዮን።

ባለሙያው፦ ሜጋቢት ይበሉት። እሱ እንዲያውም ከሚፈቀደው በላይ ነው፤ ዲቪዲ ለምስል በሰከንድ ከ9.8 ሜጋቢት በላይ አይቀበልም። ለአንድ ሰዓት 8 ብንሰጠው ጥሩ ነው። ሁለት ሰዓት ቢሆንስ?

ወይዘሮዋ፦ 5.2። ሦስት ሰዓት 3.5 ገደማ፣ አራት ሰዓት 2.6። የጎረቤቴ አምስት ካሴት ሙሉ አልነበሩም፤ አንድ ላይ ስምንት ሰዓት ቢሆኑ ነው። እሱ... 1.3!

ባለሙያው፦ የድሮው ቪሲዲ በሰከንድ 1.15 ይሰጥ ነበር። ጎረቤትዎ ዲቪዲ ብለው የገዙት ቪሲዲ ነው ማለት ነው። ካሬ ካሬው ከዚያ መጣ።

ወይዘሮዋ፦ ታዲያ ሲቀመጡ ለምን ደህና ሆነ?

ባለሙያው፦ ዲቪዲ ቦታ የሚቆጥበው ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመጻፍ ነው። ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም? ከቀደመው ምስል ይወስደዋል። ጭፈራ ሲመጣ ሁሉም ይለወጣል፤ የሚጽፈው ይበዛል፣ ቦታው ያልቃል። የአሮጌ ካሴት ብናኝ ደግሞ በየምስሉ ቦታ ስለሚቀያይር ለኮምፒውተሩ እሱም እንቅስቃሴ ነው። በዳስ ውስጥ በደካማ መብራት የተቀረጸ ካሴት ከአዲስ ቪዲዮ የበለጠ ቦታ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት የሞላውን ካሴት ለሁለት ዲቪዲ እከፍለዋለሁ፤ አንዱ ከሽምግልና እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ግብዣውና መልሱ። ድምፁን ደግሞ ሳይታመቅ ካስገባሁት ብቻውን 1.5 ሜጋቢት ይበላል፤ ታምቆ 0.2 ይበቃዋል፤ ትርፉ ለምስሉ ይሆናል።

ወይዘሮዋ፦ ብናኙን ለምን አታጠፋውም?

ባለሙያው፦ በጥቂቱ እቀንሰዋለሁ። ሲበዛ ግን ከብናኙ ጋር የፊት መጨማደድ፣ የፀጉር ሹሩባ፣ የጥለቱ መስመር አብሮ ይጠፋል። እናትዎ ፊታቸው የሰም ሆኖ ቢመጣ ደስ አይልዎትም።

ወይዘሮዋ፦ ጭፈራው እንዳይጎዳ ብቻ። የጎንደር አማቾቼ እስክስታ ነው የካሴቱ ዋጋ።

ባለሙያው፦ ለእስክስታ አንድ ነገር አለ። በእኛ አሠራር በሰከንድ 25 ምስል ነው ይባላል፤ ግን እያንዳንዱ ለሁለት የተከፈለ ነው፦ አንዱ ግማሽ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን ይይዛል። ትከሻው በሰከንድ 50 ጊዜ ተይዟል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲያየው የተሰነጣጠቁ አግዳሚ መስመሮች ስለሚያስጠሉት ሁለቱን ግማሾች አዋሕዶ ወደ 25 ያወርደዋል። ያኔ የእንቅስቃሴው ግማሽ ይጣላል፤ ትከሻው ይጎተታል። ለዲቪዲ እንዳለ መተው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ያስተካክለዋል። ከግማሾቹ የትኛው እንደሚቀድም ግን መሳት አይገባም። ከሚኒ ዲቪ የሚመጣው የታችኛውን ያስቀድማል፣ ምስል የሚያስገቡ ብዙ የኮምፒውተር ካርዶች የላይኛውን። ከተገላበጠ ትከሻው ወደ ፊት አንድ ሄዶ ወደ ኋላ አንድ ይመለሳል።

ወይዘሮዋ፦ ሚኒ ዲቪ ያልከው ይቺ ትንሿ ናት? የልጄ ምርቃት ነው፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገና አዲስ ሳለ።

ባለሙያው፦ እሷ ቀላሏ ናት። ላይዋ ላይ ያለው ምስል አስቀድሞም ዲጂታል ነው፤ በቢጫ ጃክ ማውጣት ግን ዲጂታሉን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ካሜራው ላይ ፋየርዋየር የሚባል ቀዳዳ አለ፤ በእሱ በኩል እንዳለ፣ ምንም ሳይጎድል ይገለበጣል። አንድ ሰዓቷ 13 ጊጋባይት ትይዛለች።

ወይዘሮዋ፦ ይህችኛዋስ? ወንድሜ ከዋሽንግተን የላከው ነው፤ የልጁ ክርስትና። አንድም ቀን በደንብ አላየነው፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይገለባበጣል። ተበላሽቷል ብለን ተውነው።

ባለሙያው፦ አልተበላሸም፤ የአሜሪካ አሠራር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. ወደ ቀለም ሲሻገር ፓል የሚባለውን ይዞ ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ያኔ ከአሜሪካ የተላኩ ስንትና ስንት ካሴቶች በዚህ ምክንያት ሳይታዩ ቀርተዋል። ሁለቱንም እናጫውታለን የሚሉ ዴኮች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ለቴሌቪዥን የሚሆን የተዳቀለ ምስል ነው የሚያወጡት፣ የኮምፒውተሩ ካርድ አይቀበለውም። እውነተኛ የኤንቲኤስሲ ዴክ አዲስ አበባ ልጠይቅ። ወይም ካሴቱን ለወንድምዎ መልሰው ይላኩለት፤ ዴኩ እዚያ ይገኛል።

ወይዘሮዋ፦ ከዚያ ወደ እኛ አሠራር ይቀየራል?

ባለሙያው፦ አይቀየር። ሲቀየር ከ30 ወደ 25 ለማውረድ ምስል ይጣላል ወይም ይደባለቃል፤ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። እንዳለ በ720 በ480 ዲቪዲ ይሁን። እዚህ የሚሸጡ የዲቪዲ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ሁለቱንም ያጫውታሉ።

መብራቱ መጣ። ወይዘሮዋ መኪናዋን ረስተዋታል። ባለሙያው ባዶ ዲቪዲ ከማሸጊያው አውጥቶ የሚጻፍበትን ፊት በጠርዙ ይዞ አሳያቸው፤ ራይት ሲደረግ በተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን ዝቅ ባለው፣ ለምሳሌ በ4 እጥፍ ማድረግ እንደሚመርጥ፣ ካለቀ በኋላም ፋይሉን ከዲስኩ መልሶ እያነበበ እንደሚያመሳክር ነገራቸው። የሙሽሮቹን ፎቶ የያዘ ተለጣፊ ወረቀት ላዩ ላይ እንዲሆንላቸው ወይዘሮዋ ጠይቀው ነበር፤ ወረቀቱ ዕርጥበት ሲነካው ይላቀቃል፣ ዲስኩም ሲሽከረከር ሚዛኑን ይስታል ብሎ ፎቶውን ለማቀፊያው አደረገው።

ወይዘሮዋ፦ ዲቪዲው ከሆነልኝ ካሴቱን ልጣለው?

ባለሙያው፦ ኧረ በሕግ! የሚጻፍበት ዲቪዲ ውስጡ ቀለም ነው፤ ፀሐይና ዕርጥበት ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የስፔን ተመራማሪዎች ከቤሊዝ በመጣ ሲዲ ውስጥ ሻጋታ ገብቶ ሲበላው አግኝተዋል፤ ቤሊዝም እንደኛ ሞቃትና ዕርጥብ ናት። ስለዚህ ካሴቱ ይቀመጥ፣ ከካሴቱ መጀመሪያ የተገለበጠው ትልቁ ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ዲቪዲው ለዓይን ይሁን። የልጅዎ ላፕቶፕ ዲቪዲ ማስገቢያ ላይኖረው ይችላል፤ በፍላሽ ስሰጥዎ ከዲቪዲው ሳይሆን ከትልቁ ፋይል ነው የማወጣው። ከታመቀው ላይ እንደገና ማመቅ ምስሉን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል።

ወይዘሮዋ፦ ሃርድ ዲስኩን ገዝቼ ላምጣ እንግዲህ። ቅድም ግን እመለስበታለሁ ያልከው ነገር ነበር፤ ቀዩ ወደ ታች ወረደ ብለህ።

ባለሙያው፦ አልረሳሁትም። ይህን ይመልከቱ፤ የጥለቱ ቀለም ከጥለቱ በታች ነው ያረፈው። ካሴት ከካሴት ላይ ሲገለበጥ በእያንዳንዱ ዙር ቀለሙ ጥቂት ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ብናኙ ይጨምራል። ይህ ካሴት ዋናው አይደለም። ኮፒ ነው፤ እንደ ወረደው ከሆነ የኮፒ ኮፒ ሊሆን ይችላል።

ወይዘሮዋ፦ ልክ ነህ። ቀራጩ ዋናውን ለባለቤቴ ወገን ነው የሰጠው፤ እኛ ከእነሱ አስገልብጠን ነው። ዋናው ቴፒ አማቶቼ ቤት አለ፤ አለ መሰለኝ።

ባለሙያው፦ ካለ እኔ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ የሚጠቅመው በእሱ ላይ ነው። በዚህ ኮፒ ላይ ደህና ዴክና ደህና ገመድ ተጠቅሜ የማገኘውን፣ ያኛው ገና ሲጀምር ይዞታል።

ወይዘሮዋ፦ ነገ እደውላለሁ።

ባለሙያው፦ አሁን ይደውሉ። ሳያጫውቱት ይላኩት ይበሏቸው። አግኝተውት ‹እስቲ እንየው› ብለው ለዓመታት ያልተጠረገ ዴክ ውስጥ ከከተቱት ክሩን ሊበላው ይችላል። ሻጋታ ካለበትም በፌስታል አይቋጥሩት፤ በወረቀት ይጠቅልሉትና ከሹፌሩ ጎን ይላኩት፣ ሞተሩ ላይ እንዳይሆን።

ወይዘሮዋ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ቡናው ዋጋ ተጠያይቀው ወደ ካሴቱ ደረሱ። ወዲያ ማዶ ያሉት ሴት ሣጥኑን ለመፈለግ ስልኩን ሳይዘጉ ሄዱ፤ ወይዘሮዋም በእጃቸው የድምፁን ቀዳዳ ሸፍነው ወደ ባለሙያው ዞሩና ለሦስቱ ንጹሕ ካሴቶች ቀብድ ስንት እንደሆነ ጠየቁት።